የጎጎ ናኦሚ ኦርጋንና አንድ ሳህን ውሃ

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ማለት ለእኔ አንድ ሳህን ውሃ ነበረች። ሳህኗ ዛሬም አለች። ጠርዟ ሰማያዊ፣ አንድ ቦታ ቀለሟ ተልጦ ጥቁር ነጥብ ያወጣች ነጭ የብረት ጎድጓዳ ሳህን ናት። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ምስር ልትዘፈዝፍባት ከመደርደሪያው ሥር ስታወጣት አየሁ። “እማዬ፣ እሷን ተያት” አልኳት። “ሳህን አይደለች እንዴ?” አለችኝና ምስሩን ጨመረችበት። እውነቷን ነው፣ ሳህን ናት።

የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ምን ትዝታ አላት ብላችሁ የምትስቁ ትኖራላችሁ። አባቴም ይስቃል፤ ትዝታ ጥርስ ሲረግፍ ነው የሚበቅለው ይላል። በኮሮና ጊዜ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ውስጥ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመታችሁ የነበረ ግን ትረዱኛላችሁ። እኛ ልጅ ሆነን በመጋቢት አንድ ሳምንት በር ተዘጋብን፤ በሩ ሲከፈት ጫማችን አልሆነንም፣ ድምፃችን ተለውጧል፣ ከምናውቃቸው ትልልቅ ሰዎች የጎደሉም ነበሩ። ከጎደሉት አንዷ የእኔ ናቸው። ዕዳቸውም በእኔ ላይ ነው።

የምንኖረው ከጀፕስታውን ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ የቀይ ጡብ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ድሮ የሠራተኛ ቤት በነበሩ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነን። እናቴ ቤተ ክርስቲያኗን ታጸዳለች፣ ቁልፍ ትይዛለች፤ ከዚያ በተረፈ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች። አባቴ ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር ስፓዛ፣ ትንሽ ሱቅ፣ አለው፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ እያደረ እሁድ እሁድ ይመጣል። ሁለቱም የሆሳዕና ልጆች ናቸው፤ ሲጣሉ በሀዲይኛ፣ ሲጸልዩ በአማርኛ፣ ሲነግዱ በዙሉ ነው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗ የነባሮቹ ናት፣ ሃያ የማይሞሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የእኛ የሐበሾቹ ትሆንና በኪቦርድና በድምፅ ማጉያ ጣሪያው እስኪነሣ እንዘምራለን። ኦርጋኑን የእኛ ሰዎች አይነኩትም። “የነጭ ሣጥን” ነበር የሚሉት።

ኦርጋኑ ያለው ከመግቢያው በላይ፣ ሲረገጥ የሚያቃስት የእንጨት ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ሰገነት ላይ ነው። ከፊት ለፊቱ ግራጫ ቧንቧዎች ከአጭር እስከ ረጅም ተደርድረዋል፤ ከግራ ሦስተኛው ሆዱ ላይ ጎድጎድ ብሏል። ሰገነቱ ላይ የወለል ሰም፣ የአሮጌ ሻማና የቆዳ ሽታ ተቀላቅሎ ይሸታል። ዛሬ እንኳን የጫማ መጠገኛ ሱቅ በር ላይ ሳልፍ ያ ሽታ ይመጣብኝና እግሬ ይቆማል።

የኦርጋኑ ባለቤት ጎጎ ናኦሚ ነበሩ። ባለቤት ስል በወረቀት አይደለም። ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ እኔም እሳቸውን ከማወቄ በፊት አያት ምን እንደሆነች በስልክ ብቻ ነበር የማውቀው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸው ላይ መነጽር የሚያንጠለጥሉ ሴት ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶዌቶ ሁለት ታክሲ ይዘው ይመጡና ኦርጋኑን ያስተነፍሱታል። እሁድ ለመዝሙር መጫወት ሌላ ነው፤ የቅዳሜው ማስተንፈስ ነው። ሞተሩን ያስነሡና ወናፉ እስኪሞላ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ ይጫናሉ። በመጨረሻም ከጎን ያለችውን ትንሽ በር ከፍተው ከወናፉ ሥር ያለችውን ሳህን ውሃ ይሞሏታል። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እላለሁ። ሲጨርሱ ከቦርሳቸው የዝንጅብል ብስኩት አውጥተው እኩል ይቆርሱልኛል፤ እኩል የምላችሁ ትልቁ ለእኔ ነው።

ውሃው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ “የጆበርግ ክረምት ምን ይመስልሻል?” አሉኝ። ከንፈሬን አሳየኋቸው፤ ተሰነጣጥቆ ነበር። “ይኸውልሽ። እሱም ከንፈር አለው” አሉ። እዚህ አገር ክረምት ማለት ዝናብ አይደለም፣ ደረቅ ብርድ ነው፤ አየሩ ከሁሉ ነገር እርጥበት ይመጥጣል። የኦርጋኑ ወናፍ ደግሞ በቆዳ የተለበጠ ነው። ከሥሩ ውሃ ካልተቀመጠለት ይደርቃል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል።

ታሪኩን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከጀርመን አገር በሣጥን በሣጥን ሆኖ በመርከብ ደርባን፣ ከደርባን በባቡር እዚህ እንደመጣ፤ ያ ሦስተኛው ቧንቧ ባቡር ጣቢያ ላይ ወድቆ እንደተጎዳ፤ ለውጠው ሊጥሉት ሲሉ ድምፁ ከሁሉ አምሮ ስለተገኘ እንደማሩት። እሳቸው ኦርጋኑን ያወቁት ሃያ ዓመታቸው ላይ፣ በፓስተሩ ቤት ሠራተኛ ሆነው ሲገቡ ነው። ያኔ ጥቁር ሰው እዚህ ቤተ ክርስቲያን ወንበር ላይ ተቀምጦ አያመልክም። ጎጎ ናኦሚ ግን እሁድ እሁድ ከኦርጋኑ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ይገቡና የወናፉን እጀታ ወደ ላይ ወደ ታች ይመቱ ነበር። ሞተር የለም፤ ነፋሱ የእሳቸው ክንድ ነው። ከፊታቸው በክር የተንጠለጠለች ትንሽ የእርሳስ ብረት አለች፤ ወናፉ ሲሞላ ትወርዳለች፣ ሲጎድል ትወጣለች። ምእመናኑን አያዩም፣ ምእመናኑም አያዩዋቸውም። መዝሙሮቹን የተማሩት በዚያች እርሳስ ነው። የትኛው መዝሙር ስንት ነፋስ እንደሚበላ በክንዳቸው አወቁት።

ዓመታት አለፉ፣ ሞተር ተገጠመ፣ ሕጉም ተለወጠ። ነጮቹ አንድ በአንድ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሄዱ። የመጨረሻዋ ጀርመናዊት ተጫዋች ጣቶቿ አልታዘዝ ሲሏት ቁልፉን ለጎጎ ናኦሚ ሰጠቻቸው። ያን ቀን እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት መጫወት አይደለም። በትንሿ በር ውስጠኛ ክፍል ምስማር ላይ የሚንጠለጠለውን ደብተር አወጡ። ደብተሩ የኦርጋኑ ነው፤ ማን እንደቃኘው፣ ማን የአይጥ ጎጆ እንዳወጣለት፣ ማን ቆዳ እንደለወጠለት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተጽፎበታል፤ የፊተኞቹ ገጾች በቀጭን የጀርመን ጽሕፈት፣ የኋለኞቹ በእንግሊዝኛ። የተጫወቱት ሁሉ ስማቸው አለ። ወናፉን የመታ ሰው ስም ግን የትም የለም። ጎጎ እስክሪብቶ አነሡና እንዲህ ብለው ጻፉ፤ “ሠላሳ ዓመት ነፋሱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ናኦሚ።”

“ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሊዋሽ ይችላል” አሉኝ መስመሯን በጣታቸው እያሳዩኝ። “እዚህ ደብተር ላይ ግን አይዋሽም። ነገ የሚመጣው ጠጋኝ የሚያምነው ይሄን ነው። ከዋሸሽው ይሳሳታል።” ከዚያ ቀለል አድርገው ደግሞ፣ “እኔ ለእሱ ብዙ ትንፋሽ ሰጥቻለሁ። የእኔ ሲያልቅ ትንሽ ይመልስልኝ፣ ሌላ አልፈልግም” አሉ። ስቀበር ኦርጋኑ ይጫወትልኝ ማለታቸው ነበር። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሰው ይሞታል ብዬ የማስብ አልነበርኩም፤ ብስኩቴን እየበላሁ እሺ አልኳቸው።

ከዚያ ሎክዳውን መጣ። መጀመሪያ ሃያ አንድ ቀን ተባለ፣ ከዚያ ተጨመረ፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውነው። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፤ አባቴ ዛንድስፕሩት እንደወጣ ቀረ። እናቴ የክሊኒክ ሠራተኛ ስለሆነች የመውጫ ወረቀት ይዛ በየቀኑ ትሄዳለች፣ ቅዳሜም ጭምር። ጎጎን ልጃቸው ከበር እንዳይወጡ ከልክላቸዋለች። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ስልክ ደወሉ፤ ኩሽናችን መስኮት ላይ የሚቀመጥ ባለ ቁልፍ አሮጌ ስልክ ነው። እናቴን አስፈቀዱና እኔን እንዲህ አሉኝ፤ “ምንታናሚ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው።” ምንታናሚ ልጄ ማለት ነው። “ቅዳሜ ቅዳሜ እደውላለሁ። ድምፅ ማጉያውን ክፈቺና ይዘሽኝ ውጪ። አስተንፍሺው፣ እኔ እሰማለሁ። ውሃውን ሙይ። ደብተሩ ላይ ጻፊ።” እናቴ ስልኩ ሲዘጋ ራሷን ነቀነቀች። “ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም” አለች። በጣም ተናደድኩ። አሳያታለሁ አልኩ በልቤ።

መጀመሪያ ላይ አሳየኋትም። ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ እኔና ኦርጋኑ ብቻ ስንሆን የመላው ከተማ ዝምታ ጣሪያው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሞተሩ ጉርር ይላል፣ እርሳሷ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እጫናለሁ። ጎጎ በዚያ በቆርቆሮ ድምፅ ስልክ ውስጥ ሆነው እያንዳንዷን ይሰማሉ። “ቆይ፣ እሷን ድገሚያት። ዘገየች።” እደግማለሁ። “አሁን ነቃች” ይሉና ይስቃሉ። ደብተሩ ላይ ስሜን ስጽፍ ከነዚያ ሁሉ ትልልቅ ሰዎች ሥር ትዕግሥት የሚል ሲጨመር፣ ዕውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደረቴ ይነፋ ነበር።

ጥፋቱ የጀመረው በሌራቶ ነው ልበል? ሌራቶ ምንም አላጠፋችም። ከግቢያችን የግንብ አጥር ማዶ የምትኖር እኩያዬ ናት። ዲኬቶ የሚሉትን የጠጠር ጨዋታ ከአጥሩ ማዶና ማዶ ሆነን እየተጠራራን እንጫወት ነበር፤ አንዷ ስትጥል ሌላዋ ሳታይ በቃሏ ታምናታለች። በዚያ ክረምት ደግሞ ከተማው ሁሉ ተሰልፎ የሚጨፍራት አንዲት ጭፈራ መጣች። አባቴ ለትምህርት ብሎ የላከልኝን ስማርት ስልክ ግንቡ ላይ አቁመን እሷ በእሷ በኩል፣ እኔ በእኔ በኩል እየጨፈርን እንቀርጻለን። ፀሐይ ግንቡን የምታሞቀው ጠዋት ጠዋት፣ ልክ ጎጎ በሚደውሉበት ሰዓት ነው። ሰገነቱ ግን ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እዚያ ተቀምጦ ቁልፍ አንድ በአንድ መጫን፣ እንደገና መጫን...

በግንቦት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ዘዴው ብልጭ አለልኝ። ጎጎ ስልኩን ከዘጉ በኋላ እንደገና ከታች እስከ ላይ ተጫወትኩና በስማርት ስልኩ ቀረጽኩት። መሀል ላይ ጣሪያው ላይ ያረፈች ሃዴዳ ጮኸች፤ ይህን ከተማ የምታውቁ ያን በየሰፈሩ ሰው የሚቀሰቅስ ወፍ ታውቁታላችሁ። ለራሴ ብልጥ ነኝ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎጎ ሲደውሉ ስማርት ስልኩን ባለ ቁልፉ ስልክ ጎን አስተኛሁትና ቅጂውን ከፈትኩት። ፀሐይ ላይ፣ ግንቡ ላይ ተቀምጬ። ሌራቶ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች።

“እሷን ድገሚያት” አሉ ጎጎ። ቅጂው ቀጠለ። “ኔትወርክ ነው ጎጎ፣ አልሰማሁም” አልኩ። በሚቀጥለውም ሳምንት “ድገሚያት” አሉ፣ በሚቀጥለውም ኔትወርክ ሆነ። ከዚያ በኋላ ድገሚ ማለት ተዉ። ሃዴዳዋ ስትጮህ ብቻ፣ “ይቺ ወፍ ደግሞ ቅዳሜን ትጠብቃለች እንዴ!” ይላሉ። እኔም እስቃለሁ። ተሸወዱልኝ ብዬ ነበር የምስቀው።

ሐምሌ ላይ ብርዱ ከነድርቀቱ ሲበረታ አንድ ቅዳሜ ቅጂው ሳያልቅ አቋረጡኝ። ድምፃቸው ደከም ብሎ ነበር። “ትዕግሥት፣ ውሃዋን ብቻ አትርሺ። ሌላው ይቅር።” ሌላው ይቅር! ይህቺን ቃል አስቡልኝ። እኔ ያሰብኩት ዛሬ ነው። ያኔ “ሞልቻለሁ ጎጎ” አልኩ። ከወጣሁ ወር አልፎኝ ነበር። በር ከፍቶ አንድ ሳህን ውሃ ማስቀመጥ፣ ከኩሽናችን እስከ ሰገነቱ መቶ እርምጃ አይሞላም። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ክረምቱ አለቀ። የበለጠ በቆየሁ ቁጥር መሄዱ የበለጠ አስፈራኝ፤ እንግዲህ ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ጥቅምት ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በጥቂት ሰው ተከፈተችና ጎጎ እሁድ እንደሚመጡ ተሰማ። አርብ ዕለት ሮጬ ወጣሁ። ትንሿን በር ስከፍት ሳህኗ ባዶ ናት፤ ውሃው የነበረበት ቦታ ነጭ ክብ ብቻ ቀርቷል። ሞተሩን አስነሣሁ። ወናፉ እንደ ታመመ ሰው ሲር ሲር አለ፣ እርሳሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። እጄን ቆዳው ላይ ሳደርግ በስንጥቁ ነፋሱ ጣቶቼ መሀል አለፈ። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሳህኗን እስከ አፏ ውሃ ሞላኋት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ይባስ ብዬ ደብተሩን አወረድኩና ያልወጣሁባቸውን አሥራ ሰባት ቅዳሜዎች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ አፍታ ጻፍኳቸው። አስተነፈስኩ፣ ውሃ ሞላሁ። አስተነፈስኩ፣ ውሃ ሞላሁ።

እሁድ ጎጎ ጭምብላቸውን አድርገው ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ፤ በዚያ ክረምት ብዙ አርጅተው ነበር። ተቀመጡ፣ ሞተሩን አስነሡ። ከታች ያሉት ሽማግሌዎች አንጋጠው ይጠብቃሉ። ሲር አለ። ጎጎ ቁልፍ ሳይነኩ ተነሡና ትንሿን በር ከፍተው ተንበረከኩ። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ፤ እናቴ ከእኔ በታች። ሳህኗን አዩ፤ ግጥም ያለች፣ አዲስ ውሃ። ደብተሩን አወረዱ፣ መነጽራቸውን አደረጉና ረጅም ጊዜ አነበቡ። ከዚያ አንድ መስመር ጻፉበትና ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት። ወደ ታች ጎንበስ ብለው፣ “እርጅና ነው፣ እንደ እኔው። ዛሬ በአፋችን እንዘምር” አሉ። ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ደረጃውን ሲወርዱ አጠገቤ ቆም አሉ። ከጭምብሉ በላይ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፤ አልተቆጣም። “ሃዴዳዋስ? ዛሬ አልመጣችም?” አሉኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግድግዳው ላይ ተጠግቼ መንገድ ለቀቅኩላቸው። ጎጎም “ቅዳሜ እደውልልሻለሁ” ብለው ወረዱ።

ደወሉም። ኦርጋኑ ከሞተ በኋላ፣ የሚያዳምጡት ምንም ነገር ሳይኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሰዓታቸው ይደውላሉ። ስልኩ መስኮቱ ላይ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። እኔ ትራስ አደርግበታለሁ። ለምን እንደሚደውሉ አውቄው ነበር፤ በር እየከፈቱልኝ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልጉት። ለእናቴ መንገር ይችሉ ነበር፤ አልነገሩም፣ ለእኔ ተዉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አነሣለሁ እያልኩ እስከ ገና ደረስኩ። በጥር ሁለተኛው የኮሮና ማዕበል በርትቶ ሳለ አንድ ቅዳሜ ስልኩ አልጮኸም። ትራሱን አንሥቼ አየሁት። በሚቀጥለውም አልጮኸም። ረቡዕ ዕለት ልጃቸው ደውላ ለእናቴ ነገረቻት።

አስከሬናቸው ቤተ ክርስቲያን አልገባም፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። መኪናው በር ላይ ትንሽ ቆመ፣ ግቢው ውስጥ ተራርቀን ቆመን በጭምብላችን ውስጥ ዘመርን። የሰው ድምፅ በጨርቅ ውስጥ ምን ያህል ሊሄድ ይችላል? ፓስተሩ፣ ኦርጋኑ አብሯቸው አርጅቶ አብሯቸው ዝም አለ ብለው ተናገሩ፣ ሰውም በጣም ያማረ ንግግር ነው አለ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ኪሴ ውስጥ ያቺ ቅጂ ነበረች፤ ሞባይሌን በእጄ ጨብጫለሁ። የዚያ ኦርጋን በዓለም ላይ የቀረው ድምፅ እሷ ብቻ ናት። አውጥቼ ልከፍታት አልቻልኩም። የዋሸሁባቸውን ድምፅ በምን አፌ ነው መሸኛ የማደርገው?

ከዚያ በኋላ ሰገነቱን አልወጣሁም። ሳህኗን እናቴ ለጽዳት ስትወጣ አውርዳ ኩሽና አስገባቻት። ስድስት ዓመት ገደማ ምስርና ባቄላ ተዘፈዘፈባት፣ እኔም ዝም ብዬ በላሁ።

እንግዲህ ያ ባለፈው ወር ያልኳችሁ ቅዳሜ፣ ምስሩ እንደተዘፈዘፈ ከፕሪቶሪያ አንድ የኦርጋን ጠጋኝ መጣ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጉልበቱ የሚያመው ሰውዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ኦርጋኑ ይጠገን ወይስ ተፈትቶ ቧንቧዎቹ ለሌላ ይሰጡ የሚለውን እንዲያይላቸው ጠርተውት ነው። እናቴ በር ከፈተችለት፣ እኔንም መብራት ያዢለት አለችኝ። ወጣሁ። ሽታው እንዳለ ነበር። ሰውዬው ደብተሩን ገለጠና የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበ፤ “ቆዳው ተሰነጠቀ። እርጅና። ናኦሚ።” በጎጎ ረጃጅም ፊደላት። ከላዩ የእኔ አሥራ ሰባት ውሸቶች። የእሳቸውን መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ደብተር ላይ አይዋሽም ያሉኝ ሴት ለእኔ ሲሉ ዋሽተዋል።

“ያሳዝናል” አለ ሰውዬው ደብተሩን እያጠፈ። “ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፤ ብዙ ጊዜ ከጻፈችው ተነሥቼ ሠርቻለሁ፣ አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። እርጅና ካለች የውስጡ ቆዳ ሁሉ አልቆለታል ማለት ነው። መፍታት ነው የሚሻለው።”

ነገ የሚመጣው ጠጋኝ ይሳሳታል ብለውኝ ነበር። መጣ። ቆሟል።

“እርጅና አይደለም” አልኩ። “እኔ ነኝ። አንድ ክረምት ውሃ አላስቀመጥኩም። የተጻፈውም ውሸት ነው፤ አልመጣሁም ነበር።” እናቴ ደረጃው ላይ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ነበር፣ ሰማች። ሰውዬው የራሱን የእጅ ባትሪ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወናፉ አዞረ።

“ስንት ክረምት?”

“ከመሰንጠቁ በፊት አንድ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም አልነካውም።”

“ከዚያ በፊትስ ውሃ ነበረው?”

“ሁልጊዜ። እሳቸው ነበሩ።”

ተንበረከከ፣ ጉልበቱን ይዞ አቃሰተ፤ ውስጡን ረጅም ጊዜ መረመረ። “እንግዲያው ነገሩ ሌላ ነው” አለ። “የትልቁ ወናፍ ቆዳ ይለወጣል። የቀረውን ተመልሼ አየዋለሁ፤ ተስፋ አለው።” ከዚያ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣና ከደብተሩ ጋር ሰጠኝ። “አስተካክዪው።”

የጎጎን መስመር አልሰረዝኩም። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ “እርጅና አይደለም። ውሃውን የነሣሁት እኔ ነኝ። ትዕግሥት።”

እናቴ መጥረጊያዋን አስቀምጣ ወረደች። ትንሽ ቆይታ ስትመለስ ምስሩን ወደ ድስት ገልብጣ፣ ሳህኗን አጥባ፣ ውሃ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ ነበር። “ያዢ፣ እንዳይፈስ” አለችኝ።

ያኔ በዚህ ሰዓት ግንቡ ላይ ፀሐይ፣ ሌራቶ፣ ሳቅ ነበር፤ የስልክ መስመሩ ላይ ደግሞ የሚጠብቀኝ ሰው ነበር። ዛሬ ሌራቶ ኬፕታውን ትማራለች፣ ግንቡም ቀለም ተቀብቷል። ሃዴዳዎቹ ብቻ እንደ ድሮው ይጮሃሉ። ቅዳሜ ጠዋት ሰገነቱን እወጣለሁ፣ ትንሿን በር እከፍታለሁ፣ ውሃውን እሞላለሁ፣ እጽፋለሁ። ጠጋኙ ገና አልተመለሰም፣ ኦርጋኑም ገና ዝም እንዳለ ነው። ሳህኗን ከወናፉ ሥር ገፋ ካደረግኋት በኋላ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ “ሞልቻለሁ ጎጎ” እላለሁ። አሁን እውነት ነው። የሚሰማኝ ግን የለም።